«አንድ ዙር ብቻ ልጨምር...»

ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት የፍቅር ጉዳይ ነው። ቆይ አትቸኩሉ! የወንድና የሴት አይደለም፤ የሰውና የመኪና ነው። ቢሆንም መሀሉ ላይ ሚስት አለች፣ ውሸት አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ሳይቀየር የቀረ የቤት ጣሪያም አለ። እና ከዚህ ገጽ የትም አያመልጥም።

ባለፈው ክረምት አብሮ አደጌ ከአሜሪካ መጣ። ሰባት ዓመት ሙሉ በስልክ ብቻ ነበር የምንገናኘው። ዝናቡ ሲያባራ ሰፈራችን ካለችው ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ አዘን ተቀመጥን። የሰፈሩን ወሬ ጨረስን፣ ማን አገባ ማን ወለደ ተባባልን፣ ከዚያ ዝም አለ። ስልኩን አወጣና አንድ ፎቶ አሳየኝ። ፓራውልቷ የሌለ፣ ኮፈኗ እንደ ወረቀት የተጨማደደ፣ የፊት ጎማዋ ወደ ውጭ የተገነጠለ ጥቁር ቢኤምደብሊው።

«ማነው የገጨህ?» አልኩት።

«ማንም። እኔው ነኝ። የብረት አጥር ነው የገጨሁት።»

«ሰክረህ ነበር?»

ሳቀ። «ውሃ ብቻ ነበር የጠጣሁት። ትምህርት ላይ ነበርኩ ብልህ ታምናለህ?»

ከዚያ ሳቁን አቆመና እንዲህ አለኝ። «አንተ መቼም በጋዜጣ ሰው ትመክራለህ። እስቲ እኔንም ምከረኝ። ልተወው ወይስ ልቀጥል?»

እኔ የራሴ መኪና የለኝም። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ እሱም ከመታወቂያዬ ጋር ተጣብቆ ኪሴ ውስጥ ቀርቷል። ሰው ግን አምኖ ሲጠይቅህ «አላውቅም» ብለህ አትሸኘውም። ለሦስት ቀን ያህል እንደ መርማሪ ፖሊስ ጠየቅሁት፤ ማታ ማታ ደግሞ ስለ ጉዳዩ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ።

ለመሆኑ ምንድነው ነገሩ?

ውድድር አይደለም። አሜሪካኖቹ «ትራክ ዴይ» ይሉታል። መንጃ ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ በዘወትር ሥራ የሚሄድባትን መኪና እየነዳ ወደ መወዳደሪያ ሜዳ ይሄዳል። ዋንጫ የለም፣ ሽልማት የለም፣ አንደኛ ሁለተኛ የለም። ጠዋት ስብሰባ አለ፤ መኪናዋ ትፈተሻለች፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ የባትሪ ማሰሪያ ሳይቀር። ከዚያ ሰዉ እንደ ችሎታው በቡድን ይከፈላል። ጀማሪ ከሆንክ ከጎንህ አስተማሪ ይቀመጣል። በየተራህ ለ20 ወይም ለ25 ደቂቃ ትገባለህ፣ ትወጣለህ፤ በቀን አራት ጊዜ ያህል። መቅደም በተፈቀደ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ከፊትህ ያለው እጁን በመስኮት አውጥቶ «እለፍ» ካለህ። (ይቺን ሕግ ለሚኒባስ ሾፌሮቻችን ባወሩልኝ!)

ወዳጄ የሚኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ስለሆነ የጀመረው ሰሚት ፖይንት በሚባል ቦታ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ነው ያለው፣ ከዋሽንግተን 110 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዋናው ዙር 3.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን 10 ኩርባዎች አሉት። ከ800 ሜትር በላይ የሚሄድ ቀጥ ያለ መንገድ አለው፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ክፉኛ ፍሬን ይዘህ ወደ ቀኝ የምትታጠፍበት ቀርፋፋ ኩርባ ይጠብቅሃል። እዚያች ኩርባ ላይ ብዙ ጀግና ጀግንነቱን ይፈትሻል ይላል።

ለምን እንደጀመረ እሱ ባይነግረኝም አውቃለሁ። የ19 ዓመት ልጆች ሳለን ሦስት ነበርን። ሦስተኛችን ከአጎቱ በተዋሳት መኪና እኩለ ሌሊት ላይ ቀለበት መንገድ ላይ ይበር ነበር፤ እኛም አብረነው ተቀምጠን እንጮህ ነበር። አንድ ቀን እኛ በሌለንበት ከአንድ የቆመ ሲኖትራክ ኋላ ገባ። ዛሬም በክራንች ነው የሚሄደው። ያቺ ሌሊት ከወዳጄ ልብ ውስጥ የመኪና ፍቅርን አላወጣችም፤ መንገድ ላይ መሮጥን ግን አስጠልታዋለች። «ሜዳው ውስጥ የገባ ሁሉ ፈርሞ ነው የገባው» አለኝ። «በቆሎ የምትጠብሰዋ ሴትዮ ግን ምንም አልፈረመችም።»

እውነቱን ነው። ሜዳው ላይ ባንዲራ የያዘ ሰው በየኩርባው ቆሟል፣ አምቡላንስ ሞተሩን አሙቆ ይጠብቃል፣ ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የለም። ሌሊት ቦሌ መንገድ ላይ «ችሎታዬን ላሳይ» የምትሉ ካላችሁ ይሄን ጽሑፍ ለእናንተ ድጋፍ አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩብኝ።

ትዕቢት የምትመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው

መጀመሪያ ቀን ላይ አፈረ። ለዓመታት የነዳ ሰው ነው፤ ከጎኑ የተቀመጡት ነጭ ጸጉር ሽማግሌ ግን ከሁለት ዙር በኋላ «ልጄ፣ ዓይንህ የት ነው ያለው?» አሉት። ዓይኑ ከኮፈኑ ፊት ለፊት ነበር። ለካስ መኪና የምትሄደው ዓይንህ ወዳለበት ነው! ኩርባው ውስጥ ሳትገባ የኩርባውን መውጫ ማየት አለብህ። በ160 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአንድ ሴኮንድ 44 ሜትር ትሄዳለህ። እግርህ ሥር ያለውን የምታይ ከሆነ ያየኸው ነገር ገና ሳይገባህ አልፈኸዋል።

ሁለተኛው ትምህርት የጎማ ነው። እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው። አንድ ጎማ መሬት የሚይዝበት አቅም እንደ ደመወዝ ነው፤ የተወሰነ ነው። ሙሉውን ለፍሬን ካወጣኸው ለመታጠፍ የሚተርፍ የለህም። ሙሉውን ለመታጠፍ ካወጣኸው ደግሞ ፍሬን ስትነካ ተበዳሪ ትሆናለህ፤ አበዳሪው አስፋልቱ ነው፣ ምሕረት አያውቅም። ስለዚህ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ፍሬን ትይዛለህ፣ ስትታጠፍ ቀስ እያልክ ትለቃለህ፣ መሪው ሲቃና ነዳጅ ትሰጣለህ። ለስላሳ እጅ፣ ለስላሳ እግር። የሚገርመው ደግሞ ቀስ ብሎ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ ፈጥኖ ይወጣል።

በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ እንዲህ እያለ አደገ። ሽማግሌው ከጎኑ ስላሉ ስህተቱን በእንጭጩ ያርሙለታል። በሁለተኛው ዓመት «አሁን ብቻህን መንዳት ትችላለህ» ተብሎ ወረቀት ተሰጠው። እንግዲህ ጣጣው የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ጀማሪ ይፈራል፤ ፍርሃቱ ያድነዋል። የቆየ ሰው መኪናዋ መንሸራተት ስትጀምር በወገቡ ይሰማዋል፤ ልምዱ ያድነዋል። መሀል ላይ ያለው ግን ፍርሃቱን ጥሏል፣ ልምዱን ገና አላገኘም። ፍጥነት አለው፣ ጆሮ የለውም። በአማርኛችን «ጥራዝ ነጠቅ» የምንለው ዓይነት ነው። ሽማግሌው ሲሰናበቱት «ከዛሬ ጀምሮ የምፈራልህ ለአንተ ነው፤ ለጀማሪዎቹ አልፈራም» ብለውት ነበር። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

በዚያው ሰሞን ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ከ400 የፈረስ ጉልበት በላይ ያላትን ቢኤምደብሊው በብድር ገዛ። ሁለተኛ፣ አስፋልት እንደ ማስቲካ የሚይዝ የውድድር ዓይነት ጎማ አስገባ። ሰዓቱ ወዲያው ተሻሻለ። «አየህ? ተሻሻልኩ» ይላል። የተሻሻለችው ግን መኪናዋ ናት! ተራ ጎማ ሊለቅ ሲል ይጮሃል፣ ያስጠነቅቃል። ያኛው ዓይነት ግን ብዙ ይታገስና ሲለቅ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሆኖ፣ ሳይናገር ነው የሚለቀው። ስህተቱ አልቀረም፤ ተደበቀ። ተደብቆ ደግሞ ወለድ ይወልዳል። ሂሳቡን የምትወዱ ካላችሁ፣ ፍጥነት ከ100 ወደ 140 ሲያድግ ግጭት ውስጥ ይዘኸው የምትገባው ጉልበት በ40 በመቶ አይደለም የሚያድገው፣ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም።

የመጨረሻዋ ዙር

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ሦስቱን ተራ በሰላም ጨርሷል። አራተኛው ላይ ደክሞታል፣ ሞቋል፣ ምሳ በደንብ አልበላም። ስልኩ ላይ ሰዓቱን የሚመዘግብ ነገር አለችው። ከራሱ ምርጥ ሰዓት የሴኮንድ ሽርፍራፊ ነው የቀረው። ልጁ ቀኑን እዚያው ላይ ቢያቆመው ኖሮ እኔ ዛሬ ሌላ ጽሑፍ እጽፍ ነበር። እሱ ግን ለራሱ «አንድ ዙር ብቻ ልጨምር» አለ።

ወደ አንዷ ፈጣን ኩርባ ከወትሮው ትንሽ ዘግይቶ ፍሬን ያዘ። ገባ። መሀሉ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ እንደበዛ ገባው። ደነገጠና እግሩን ከነዳጁ ላይ ድንገት አነሳ። እናንተም እኔም የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ከተማ ውስጥ ቢሆን ልክ ነው። ኩርባ መሀል ግን እግርህን በድንገት ስታነሳ የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማዎቹ ይቀላሉ፣ መሬቱን ይለቃሉ። መኪናዋ እንደ እንዝርት ዞረች። ሽማግሌው በመጀመሪያው ቀን «ከዞረችብህ ሁለት እግርህንም ርገጥ፣ ፍሪሲዮንም ፍሬንም» ብለውት ነበር። ትዝ አላለውም። መሪውን አዙሮ ሊያድናት ሲል ጎማው መልሶ ያዘና ወደ ሌላው ወገን፣ ወደ አጥሩ ወረወረችው።

እሱ አንድም ጭረት የለበትም። ሄልሜቱ ለመኪና ውድድር ተብሎ በስኔል የተፈተነ ነበር። ስኔል የሚባለው ድርጅት ራሱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1956 በውድድር ላይ በራሱ ጉዳት በሞተ ሾፌር ስም ነው። ቀበቶውም ይዞታል። ችግሩ የተጀመረው ከመኪናዋ ከወረደ በኋላ ነው።

እዚያ አገር ተራው የመኪና ኢንሹራንስ በአብዛኛው የትራክ አደጋ አይሸፍንም፤ ውሉ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ለአንድ ቀን ብቻ የሚገዛ ልዩ ኢንሹራንስ አለ። ወዳጄ «ሁለት ዓመት ምንም አልሆንኩ» ብሎ ያን ቀን ሳይገዛ ቀረ። ብድሩ ግን አለ። ዛሬ በየወሩ የሚከፍለው ለሌለች መኪና ነው። ለእናቱ ቤት ቆርቆሮ መቀየሪያ ብሎ ያስቀመጠውም ገንዘብ ለመጎተቻ፣ ለማከማቻና ለወር ክፍያው ሄደ። እናቱ ይሄን አያውቁም። ክረምቱን ሙሉ ሳሎናቸው ውስጥ ባልዲ ደቅነው «ልጄ ሥራ ቀዝቅዞበት ነው» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ያንን ስሰማ ነው በእውነት የተናደድኩበት።

ለባለቤቱስ ምን አላት? «ሃይዌይ ላይ ከኋላ ገጩኝ!» በሁለተኛው ሳምንት የመኪና መጎተቻውን ደረሰኝ ሱሪው ኪስ ውስጥ አገኘችው። አድራሻው የሜዳው ነው። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አልጮኸችም። «መኪናዋን ስትገጭ ለአንድ ሴኮንድ አልቻልክም እሺ፤ እኔን ስትዋሸኝ ግን ሁለት ሳምንት ነበረህ» አለችው። መልስ አልነበረውም፤ አሁንም የለውም።

ታዲያ ምን አልኩት?

መጀመሪያ «ተወው» ልለው ነበር። ይሄ ቀላሉ ምክር ነው፣ መካሪውንም ብልህ ያስመስላል። ሦስት ቀን ከሰማሁት በኋላ ግን አፌ ላይ አልመጣ አለ። ልጁ ሜዳው ላይ የተማረውን ነገር ስለ ራሱ ሌላ ቦታ አልተማረም። መንገድ ላይ እንዴት እንደሚነዳ አይቼዋለሁ፤ ከመገናኛ እስከ ስታዲየም ሲወስደኝ እንደሱ ተረጋግቶ የሚነዳ ሰው አላየሁም። ርቀት ይጠብቃል፣ አይጮህም፣ ሩቅ ያያል።

ደግሞም ወደ ጠርዙ ሳይጠጉ መሻሻል የለም። በ60 በመቶ አቅምህ ብቻ አሥር ዓመት ብትነዳ በ60 በመቶ መንዳትን ነው የምትማረው። ጥያቄው ጠርዙን የት ቦታ፣ በስንት ብር ነው የምትነካው የሚል ነው። ወዳጄ መንሸራተትን ለመጀመሪያ ጊዜ የተማረው በ130 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አጥር አጠገብ ነው። ይሄንኑ ትምህርት ውሃ በተረጨ ሰፊ አስፋልት ላይ በ50 ኪሎ ሜትር ይሰጡታል! አሥር ጊዜ ትዞራለህ፣ አሥር ጊዜ ትስቃለህ፣ እጅህ ይለምዳል። የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ፕላስቲክ ኮን ደርድረው የሚነዱበትም «አውቶክሮስ» የሚሉት አለ። እዚያ አጥር የለም፣ የምትገጨው ኮን ነው።

«ሜዳው ላይስ?» አለኝ። ሜዳው ላይም ኩርባ ሁሉ አንድ አይደለም። ቀርፋፋና ዙሪያው ሰፊ ሣር የሆነ ኩርባ አለ፤ እዚያ ሞክር፣ ብትሳሳት ሣር ነው የምትበላው። ፈጣንና አጥር የተጠጋው ደግሞ አለ፤ እዚያ ዕድሜ ልክህን ትንሽ አስቀርተህ ንዳ፣ ማንም አያይህም። ፍሬን ለማዘግየት ከመሯሯጥህ በፊት ከኩርባ አወጣጥህን አሳምር። ስትወጣ ያበላሸኸው ጊዜህን ነው የሚወስድብህ፤ ስትገባ ያበላሸኸው ግን መኪናህን ነው። ይሄን ሁሉ እኔ ፈጥሬው አይደለም፣ ሽማግሌው ነግረውት እሱ ለእኔ የነገረኝን ነው መልሼ የነገርኩት! ሰው አንዳንዴ የሚፈልገው የሚያውቀውን ነገር ከሌላ አፍ መስማት ነው።

ስለ ገንዘቡ ግን የራሴን ተናገርኩ። ሜዳው ላይ ጥለሃት በእግርህ ወደ ቤት ብትመለስ የማታለቅስላትን መኪና ብቻ ይዘህ ግባ። ብድር ያለባት መኪና የባንክ ናት፤ በባንክ መኪና ጠርዝ አይፈለግም። ፍሬን ዘይቷንም በየጊዜው ቀይር። አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በላይ የሚችል ዶት 4 የሚባለው ዘይት እርጥበት ሲስብ 155 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል፤ ሲፈላ ፔዳሉ ባዶ አየር ይሆናል። ያቺን ስልክ ደግሞ ቤት ተዋት። ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሰዓት አትይ። የቀኑን የመጨረሻ ተራም ደክሞህ ከሆነ ዝለለው። የከፈልኩበት ነው አትበል፤ ለማያምርህ ምግብ ከፍለህ ብትታመም ማን ይክስሃል?

እዚህ ላይ ሕልሙን አወጣልኝ። ጀርመን ውስጥ ኑርበርግሪንግ የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተው የሰሜኑ ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከ70 በላይ ኩርባዎች አሉት፣ ጫካ ለጫካ ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ1976 በጊዜው የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሾፌር ተቃጥሎ ለጥቂት ከሞት ከተረፈበት በኋላ የፎርሙላ 1 ውድድር ወደዚያ ዙር አልተመለሰም። ተራ ሰው ግን የአንድ ዙር ትኬት ገዝቶ በገዛ መኪናው ይገባል! አጥር ብትገጭ የአጥሩን ሂሳብ ሳይቀር ያስከፍሉሃል። አብዛኛው ቦታ ላይ አጥሩ መንገዱን ተጠግቶ ነው የሚሄደው። ፎቶውን አይቼ «ሠርግህ መሰለህ እንዴ ቀን የምትቆርጥለት? ልጅህ ተወልዶ፣ ብድርህ አልቆ እንነጋገራለን» አልኩት። ተቀየመኝ መሰለኝ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል አላናገረኝም።

ስለ ሚስቱ የሰጠሁት ምክር አጭር ነው። አስፈቅድ አላልኩትም፤ እሱ ሕፃን አይደለም፣ እሷም እናቱ አይደለችም። የሂሳቡን ወረቀት ግን ጠረጴዛ ላይ ዘርጋላት፤ ስንት እንደሚወጣ፣ ቢበላሽ ስንት እንደሚጠፋ፣ ከየትኛው ገንዘብ እንደሆነ። ከዚያ በዓመት ስንት ቀን እንደሚሆን አብራችሁ ወስኑ። ለእናቱ እውነቱን ይንገራቸው አይንገራቸው የሚለው ላይ ሳንስማማ ተለያየን።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። የቆርቆሮውን ግማሽ ልኳል፤ አናጢው ሥራ ጀምሯል፣ እኔም ሄጄ አይቻለሁ። አሮጌ ማዝዳ ሚያታ ገዝቷል፣ በጥሬ ገንዘብ፣ ጉልበቷ የቀድሞዋን ሩብ ያህል ብትሆን ነው። እሁድ ዕለት አውቶክሮስ ሄዶ አራት ጊዜ ዞሮባት ስድስት ኮን ገጭቷል። ባለቤቱ ሆዷን ይዛ ዳር ቆማ በስልኳ እየቀረጸች ነበር አሉ። ሲወርድ መጀመሪያ የጠየቀችው ዋጋ ነው።

«አንዷ ኮን ስንት ታወጣለች?»

«ሁለት ሴኮንድ» አላት።

ከሩጫው ሰዓት ላይ የምትጨመረው ቅጣት ማለቱ ነው። እስከ አሥራ ሁለት ድረስ በጣቷ ቆጠረችለት።